ስለ ትዕማር ዝምታ

ከወልቂጤና ከቡታጅራ ከተሞች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገሮች ሄደው የተመለሱ እኅቶች በየአጥቢያችን አሉ። በ2006 ዓ.ም. ብቻ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ከተመላሾቹ መካከል ደመወዝ የተከለከሉ፣ የተደበደቡ፣ የተደፈሩም ይገኛሉ፤ የደረሰባቸውን ለእናታቸው እንኳ ያልተናገሩ አሉ። ትዕማርንም በአምኖን በተደፈረች ጊዜ ዝም እንድትል የነገራት የገዛ ወንድሟ አቤሴሎም ነበር (2ኛ ሳሙ. 13፥20)።

የቡድን የሥነ ልቦና ሕክምና ይህን ዝምታ ቀስ በቀስ ይፈታል። ተመሳሳይ መከራ ያለፈባቸው ጥቂት ሴቶች በባለሙያ መሪነት በየጊዜው ይገናኛሉ፤ የሰሙትንም ወደ ውጭ ላያወጡ ይስማማሉ። አስቀድመው የሚማሩት ሌሊት የሚያባንናቸውን ፍርሃት ማረጋጋት ነው፤ ታሪኳን እንድትናገር የምትገደድ የለችም። ሌላይቱ «እኔም» ስትል የሰማች ሴት ግን ኀፍረቱ የበዳይዋ እንጂ የእርስዋ እንዳልነበረ መረዳት ትጀምራለች።

ይህ ንስሓን ይተካልን? አይተካም። ንስሓ የምንገባው ስለ ሠራነው ኃጢአት ነው፤ የተደፈረች ሴት ስለ ተፈጸመባት ግፍ ቀኖና አይገባትም። ጸበሉም ከሕክምናው ጋር አይጣላም፤ ደጉ ሳምራዊ በቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን ካፈሰሰ በኋላ ቁስለኛውን ለእንግዶች ማደሪያ ጠባቂ አደራ ሰጥቶታል። በቡታጅራ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ። የንስሓ አባቶቻችን እንዲህ ያለች ልጃቸው ስትመጣ «ለምን ሄድሽ?» ከማለት በፊት አዳምጠው ወደዚያ ቢመሯት ሥልጣነ ክህነታቸውን አያጎድልባቸውም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር