ከምንጣፉ ሥር ያለው ዝገት



ስለ እህልና ስለ ውሃ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ጽፈንላችኋል። እህሉንና የጉድጓድ ቆፋሪውን መሣሪያ ተሸክሞ ስለሚሄደው መኪና ግን የተናገርነው ጥቂት ነው። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ወለል ነው። ነገሩ ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ሆኖም ሰው እግሩን በዚያ ወለል ላይ አሳርፎ፣ ወንበሩንም ተማምኖ ገደል ለገደል የሚጓዝ ስለሆነ ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከካዛንቺስ ወደ ቂርቆስ ስንወርድ ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጠችው ባልደረባችን “ጫማዬ ራሰ” አለች። ውሃው በበር የገባ መስሎን ነበር። ግቢያችን ደርሰን ምንጣፉን ስናነሣ ግን ከሥሩ መሬቱ ታየን። ያ ቦታ ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ ጋራዥ “ተጠግኖ” ነበር። የተደረገለት ጥገና ቀዳዳውን በስቱኮ ሞልቶ በላዩ ሬንጅ መቀባት ብቻ ነበር። ስቱኮው ከላይ ሲያምር፣ ዝገቱ ከሥር ሥራውን አላቋረጠም። ወንበሩን ነቅነቅ ስናደርገው ብሎኑ ከነላሜራው አብሮ ተነቃነቀ። በዚህ ወንበር ላይ ነበር በየሳምንቱ ሰው ስናስቀምጥ የኖርነው።

አሮጌውን ለምን አንተወውም?

“ሸጣችሁ አዲስ አትገዙም?” የምትሉን ትኖራላችሁ። በአገራችን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ከዚህም የተነሣ በእጅ ያለ መኪና ዋጋው ከዓመት ዓመት ይጨምራል፤ ያለው ሰውም ያለውን ይጠግናል።

የእኛ መኪና ሰባ ከሚባለው የላንድክሩዘር ወገን ነው። ይህ ዓይነት መኪና መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ ያ ዓመት አገራችን የ1977ቱን ድርቅ የተቀበለችበት ጊዜ ነበር። የዚህ መኪና አካል በወፍራም ሻንሲ ላይ በብሎን የታሰረ ነው። ስለዚህ ሻንሲው ጤነኛ እስከ ሆነ ድረስ ወለሉ ቢበላም መኪናው አልሞተም ማለት ነው። የላንድሮቨር ባለቤቶችም ከዚህ አያመልጡም። አብዛኛው የአካሉ ቆርቆሮ አሉሚንየም ቢሆንም፣ የሾፌሩና የአጠገቡ ተሳፋሪ እግር የሚያርፍበት ጉድጓድ ግን ብረት ስለሆነ ይዝጋል።

ዝገቱ ከየት ይመጣል?

ብረት የሚዝገው ውሃና አየር አብረው ሲያገኙት ነው። ዝገት ከብረቱ ይልቅ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያሳብጠዋል። ደግሞም እንደ ስፖንጅ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ አንዴ ከጀመረ በራሱ አይቆምም። ጨው ሲጨመርበት ይብስበታል። ወደ አፍዴራ ወይም ወደ ባሕር ዳርቻ ደርሶ የተመለሰ መኪና ሆዱ በንጹሕ ውሃ ካልታጠበ ጨው ይዞ ይከርማል።

የአዲስ አበባ መኪና ጨው ባያገኘው እንኳ ክረምቱ ይበቃዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም በጭቃ ጫማ ተገብቶ ይወጣል፤ የበሩና የመስታወቱ ጎማ ይደርቅና ያንጠባጥባል፤ ከምንጣፉ ሥር ያለው ለስላሳ ጨርቅም ውሃውን ለወራት ይይዛል። ስለዚህ ወለል በአብዛኛው የሚበላው ከላይ ወደ ታች ነው። ከሥር የሚመለከት ሰው ቀዳዳውን የሚያየው በመጨረሻ ነው።

በግቢያችን የተማርነው

በር እና መስኮት መበየድ ከጀመረ ገና ስምንት ወር የሆነው አንድ ወጣት ባልደረባ አለን። “እኔ ልሞክረው” አለ። እኛም ሁላችን ጋሼ ወደምንላቸው አንድ የላሜራ ባለሙያ ሄድን። እኚህ ሰው ለብዙ ዓመታት የሠሩት በካዛንቺስ ጠባብ ግቢ ውስጥ ነበር። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው ቤቶች ነው፤ ላሜራ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ የምንላቸውም ቃላት ከዚያው ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት የካዛንቺስ ብዙው ክፍል ሲፈርስ የጋሼም ግቢ አብሮ ሄደ፤ እርሳቸውም ከከተማው ዳር ሰፈሩ። እሺ ብለው ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ታክሲ ቀይረው ቂርቆስ ግቢያችን ድረስ ይመጡልን ጀመር። ከእርሳቸው የሰማነውንና በእጃችን ያየነውን እነሆ በቅደም ተከተል እናቀርብላችኋለን።

አንደኛ፣ ሁሉን መግለጥ ነው። ወንበሩ፣ ምንጣፉና ጨርቁ ይወጣል። ከዚያ በካቻቢቴ ጫፍ ወለሉን ጠንከር አድርጎ መውጋት ነው። ጤነኛ ላሜራ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ የተበላው ግን ይደነቁራል ወይም ይበሳል። በተበላው ዙሪያ በጠመኔ ይሰመርበታል። የእኛ ቀዳዳ ሲታይ መዳፍ የሚያህል ነበር፤ ተወግቶ ሲያበቃ ግን የተሰመረው ክብ እንጀራ አከለ።

ሁለተኛ፣ ከእሳት መጠበቅ ነው። የባትሪው ሁለቱም ገመዶች ይፈታሉ። ከወለሉ ሥር የሚያልፉት የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎች እንዲሁም የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ይታያሉ፤ የሚፈቱት ተፈትተው ይርቃሉ። ሬንጅና ጨርቅ ተፍቀው ይነሣሉ፤ ሁለቱም ቶሎ ይቀጣጠላሉና። አንድ ሰው ውሃ፣ አሸዋና የእሳት ማጥፊያ ይዞ ይቆማል፤ ብየዳው ካለቀም በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከቦታው አይነቃነቅም። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ መቁረጥ ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ትንሽ ቆርጦ ብዙ ማዳን ይፈልጋል። የሳሳና የዛገ ላሜራ ግን ብየዳ አይዝም፤ እሳቱ ሲነካው እንደ ወረቀት ይበሳል። የእኛም ልጅ ሁለት ጣት ያህል ዝገት “ይበቃዋል” ብሎ ቢተው ጋሼ መዶሻቸውን አንሥተው አንድ ጊዜ መቱት። መዶሻው ወደ ታች አለፈ። “ልጄ፣ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ቁረጥ። የምታዝንለት ዝገት ነገ አያዝንልህም” አሉት። ሲቆረጥም ሁለቱን ጎን በአንድ ጊዜ መክፈት አይገባም፤ አካሉ ሊዛባና በሩ አልገጥም ሊል ይችላል።

አራተኛ፣ አዲሱን ላሜራ ማዘጋጀት ነው። አስቀድሞ በካርቶን ልኩ ይወጣል፤ ካርቶን ቢበላሽ አይቆጭም። ላሜራው አንድ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ይሁን። አንዳንድ ሰው ከቤት ጣሪያ የተረፈ ቆርቆሮ ይለጥፋል። ይህ ሁለት ጉዳት አለው፤ የጣሪያ ቆርቆሮ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ ሰው አይሸከምም፤ ደግሞም የተለበጠበት ዚንክ ሲቃጠል ነጭ ጭስ ያወጣል። ያን ጭስ የሳበ ሰው ማታውኑ እንደ ወባ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። በፋብሪካው ወለል ላይ የምታዩአቸው ጎድጎድ ያሉ መስመሮች ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም፤ ላሜራውን የሚያጠነክሩት እነርሱ ናቸው። ዝርግ ላሜራ በመንገድ ላይ እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ ሲውል ሲያድርም ይሰነጠቃል።

አምስተኛ፣ ብየዳው ነው። ለበርና መስኮት የሚሠራበት ባለ 2.5 ኤሌክትሮድ ለዚህ ስስ ላሜራ ይከብዳል፤ በጀማሪ እጅ ሲሆንማ ይበሳዋል። የተሻለው ሽቦ በራሱ የሚወጣለትና በጋዝ የሚሠራው ማሽን ነው፤ ሽቦውም 0.6 ወይም 0.8 ቢሆን መልካም ነው። አስቀድሞ በዚያው ውፍረት ባለው ቁራጭ ላይ መለማመድ ያስፈልጋል። የእኛ ልጅ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ቁራጭ ላሜራ ሲበሳ ዋለ። በሦስተኛው መብሳቱን ተወ።

አዲሱ ላሜራ በጤነኛው ላይ ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ይደረባል። በጠርዙ ዙሪያ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር የሚሰፉ ቀዳዳዎች ይበሱና፣ ብየዳው በቀዳዳው ገብቶ ከሥር ያለውን ላሜራ ይይዛል። ከዚያ ነጥብ በነጥብ ነው፤ አንዱን በዚህ ጥግ፣ ሌላውን በማዶው። በአንድ መስመር ተከታትሎ የበየደ ሰው ላሜራው ግሎ ሲጣመምበት ያየዋል። እጅ ለመንካት እስኪችል ጠብቆ ቀጣዩን ነጥብ መጣል ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ጓንትና የብየዳ ጭንብል ለበያጁ ብቻ አይደሉም፤ “አንድ ጊዜ ልይ” ያለ ተመልካች ሌሊቱን ዓይኑ አሸዋ እንደ ገባበት ሆኖ ሲያሠቃየው ያድራል።

ሥራው ይዞ እንደሆነ የሚታወቀው በመልኩ አይደለም። ሁለት ቁራጭ በዚያው አኳኋን በይዶ በመሮ ማላቀቅ ነው። ነጥቡ ብቻውን ፈንጠር ብሎ ከተላቀቀ ብየዳው አልያዘም፤ ላሜራውን ገንጥሎ ከመጣ ግን ይዟል።

ስድስተኛ፣ መሸፈን ነው። መሸፈን ኃጢአት የሚሆነው ዝገትን ሲሸፍን ነው፤ ንጹሕ ብረትን ግን መሸፈን ይገባል። ፀረ ዝገት ቀለም፣ በመጋጠሚያው ላይ ውሃ የማያስገባ ማሸጊያ፣ ከዚያ ቀለም፣ ከሥር ደግሞ ሬንጅ ይደረጋል። የወለሉ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አይደፈኑም፤ የጎማ ክዳናቸው ይመለስላቸዋል። ውሃው የገባበት የበር ጎማ ካልተለወጠ ግን ይህ ሁሉ ድካም ለሚመጣው ክረምት ብቻ ነው።

የጀማሪ ድንበር

ወጣቱ ያልነካው ነገር አለ። የወንበሩ ብሎን የሚታሰርበትን፣ የደህንነት ቀበቶው የሚያዝበትንና አካሉ በሻንሲው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ ጋሼ በገዛ እጃቸው በየዱ። “ወለል ቢሳሳት እግር ይረጥባል፤ ይሄ ቢሳሳት ሰው ይሞታል” አሉ። እንዲሁም ወለሉ የተበሳ መኪና ርጥበት ብቻ አይደለም የሚያስገባው። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው በረጅም መንገድ ላይ ተሳፋሪውን ሳያሳውቅ ሊያደክመውና ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ “ትንሽ ቀዳዳ ናት” ብላችሁ አትለፉ።

ሥራው ስድስት ቅዳሜ ፈጀ። አንድ ባለሙያ በሁለት ቀን ይጨርሰው ነበር። ነገር ግን አሁን በግቢያችን ወለል መለወጥ የሚችል አንድ ሰው አለ፤ ጋሼም ሩቅ ሰፈር ቢገቡ እጃቸው ቂርቆስ ቀርቷል።

ውድ አንባቢ፣ መኪና ካለህ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርግ፤ ምንጣፉን አንሣ። ደረቅ ሆኖ ካገኘኸው ደስ ይበልህ። ርጥብ ከሆነ ግን ዛሬ አድርቀው፤ ውሃው የገባበትንም ፈልግ። እኛ ይህን ሁለት ዓመት ዘግይተን ተማርን፤ እናንተ ግን እንዳትዘገዩ ብለን ጻፍንላችሁ።