ችግሩ ከምጣዱ ነው ወይስ ከቡሃቃው?

በግዳጅ ላይ የሚገኝ ወታደር ማታ ወደ ቤቱ ስልክ ሲደውል ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች መካከል ዛሬ ዛሬ አንድ አዲስ ጥያቄ ተጨምሯል። ቀድሞ ልጅ ከአባቱ የሚጠይቀው ጫማ፣ ደብተርና ኳስ ነበር። አሁን ግን ልጁ ስልኩን ከእናቱ እጅ ተቀብሎ፣ «አባዬ፣ ኮምፒውተሩ ጌም ስጫወትበት ይቆምብኛል፤ ራም ቢጨመርለት ይስተካከላል፤ ገንዘብ ላክልኝ» ይላል። አባት ራም ምን እንደ ሆነ አያውቅ ይሆናል። እናትም አስቤዛው፣ የቤት ኪራዩና የትምህርት ቤቱ ክፍያ በፊቷ ተደርድረው ሳለ ለማታውቀው ዕቃ ገንዘብ ማውጣት ይከብዳታል። እምቢ ብትል ልጇ ይከፋዋል። እሺ ብላ ዕቃው ከተገዛ በኋላ ጨዋታው እንደ ቀድሞው ቢደናቀፍ ደግሞ ገንዘቡም ጠፋ፣ በልጁ ቃል ላይ የነበራት እምነትም ተሸረሸረ ማለት ነው።

ስለዚህ የዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን ይህን ጥያቄ ያነሣል። ለኮምፒውተር ራም ሲጨመርለት ጨዋታው በእርግጥ ይፈጥናልን? መልሱ በአጭሩ፣ አንዳንድ ጊዜ እጅግ ይፈጥናል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ምንም ለውጥ አያሳይም የሚል ነው። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ግን የባለሙያ ብቻ ሥራ አይደለም። ማንኛዋም እናት ከልጇ ጋር ተቀምጣ በአንድ ምሽት ልታረጋግጠው ትችላለች።

ለድግስ እንጀራ የምትጋግር ሴት እንዴት እንደምትሠራ እናስብ። ብዙው ሊጥ በጓዳ በበርሜል ተቦክቶ ይቆያል። ከምጣዱ አጠገብ ግን ለጊዜው የሚበቃትን ያህል ወደ ቡሃቃ ገልብጣ ታስቀምጣለች። በኮምፒውተርም ውስጥ ያለው አሠራር ይኸው ነው። ምጣዱ ፕሮሰሰር የሚባለው፣ ሥራውን የሚሠራው ክፍል ነው። በጓዳ ያለው በርሜል ጨዋታውና ፎቶግራፉ ሁሉ የሚከማችበት ዲስክ ነው። ከምጣዱ አጠገብ ያለው ቡሃቃ ደግሞ ማህደረ ትውስታ፣ በተለምዶ ራም የምንለው ነው። ኮምፒውተሩ አሁን የሚሠራበትን ነገር ሁሉ በዚህ ያኖራል፤ መብራት ሲጠፋም በውስጡ የነበረው ሁሉ ይጠፋል።

እንግዲህ ቡሃቃው ትንሽ ከሆነ ጋጋሪዋ ሁለት እንጀራ አስፍታ ወደ ጓዳ መመላለስ ይኖርባታል። እርሷ እስክትመለስ ምጣዱ ባዶውን ይግላል። ቡሃቃውን በትልቅ ብትለውጠው ሥራዋ ወዲያው ይቀላል። ይሁን እንጂ ቡሃቃው ለሥራው ከበቃ በኋላ ሦስት እጥፍ ብታደርገውም ምጣዱ አንዱን እንጀራ የሚያበስልበት ጊዜ አያጥርም። ወታደሩም ይህን ከዝናሩ ያውቀዋል። ዝናሩ ባዶ የሆነበት ተኳሽ በውጊያ መካከል ወደ ጥይት ማከማቻ ለመሮጥ ይገደዳል። ነገር ግን ሁለት ዝናር የታጠቀ ሰው በዚህ ምክንያት ብቻ ዒላማውን አይመታም።

የጓዳው መንገድ ምን ያህል ሩቅ እንደ ሆነ በቁጥር እንመልከት። ኮምፒውተር ከማህደረ ትውስታ አንድን ነገር ለማግኘት ከሰከንድ 10 ሚሊዮንኛ የማይበልጥ ጊዜ ይፈጅበታል። ኤስ ኤስ ዲ ከሚባለው አዲሱ የዲስክ ዓይነት ለማምጣት የሰከንድ 10 ሺህኛ ገደማ፣ ከቀድሞው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ለማምጣት ደግሞ የሰከንድ 100ኛ ገደማ ይወስዳል። ይህን በሰው ሚዛን ብናስቀምጠው፣ ከቡሃቃው መቅዳት 1 ሰከንድ ቢፈጅ፣ ወደ ኤስ ኤስ ዲ ሄዶ መመለስ 17 ደቂቃ ያህል፣ ወደ ሃርድ ዲስክ ሄዶ መመለስ ደግሞ ከአንድ ቀን በላይ ይሆናል። ጨዋታ በሰከንድ 60 ሥዕሎችን እያከታተለ የሚያሳይ በመሆኑ ለአንዱ ሥዕል የሚደርሰው የሰከንድ 60ኛ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ በዚህች ቅጽበት ወደ ሃርድ ዲስክ ቢላክ ሥዕሉ ሳይደርስ ይቀራል፤ ጨዋታውም ይደናቀፋል። ልጁ «ይቆምብኛል» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህን ነው።

የማህደረ ትውስታ እጥረት ዛሬ የመጣ ችግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 በእንግሊዝ አገር ለሽያጭ የቀረበው ዜድ ኤክስ 81 የተባለ የቤት ኮምፒውተር የነበረው ማህደረ ትውስታ 1 ኪሎ ባይት፣ ማለትም 1,024 የላቲን ፊደላትን ብቻ የሚይዝ ነበር። አውሬ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ተጫዋቹን የሚያሳድድበት «3ዲ ሞንስተር ሜዝ» የተባለው የዚያን ዘመን ጨዋታ 16 ኪሎ ባይት ስለሚጠይቅ፣ ሊጫወቱት የፈለጉ ሁሉ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የሚሰካ ተጨማሪ ዕቃ መግዛት ግድ ሆነባቸው። ያ ዕቃ ደግሞ ጥብቅ ብሎ የማይቀመጥ በመሆኑ ጠረጴዛው ትንሽ ሲነቃነቅ ኮምፒውተሩ ይዘጋና የተሠራው ሁሉ ይጠፋ ነበር። ዛሬ በብዙ ቤት የሚገኘው 16 ጊጋ ባይት ከዚያ ኮምፒውተር ማህደረ ትውስታ ከ16 ሚሊዮን እጥፍ በላይ ነው።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስተምረን ግን የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ኒንቴንዶ 64 የተባለው የጨዋታ መሣሪያ ነው። መሣሪያው 4 ሜጋ ባይት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1998 ኤክስፓንሽን ፓክ የሚባል ዕቃ ወጣና 4 ሜጋ ባይት ጨምሮ ወደ 8 አደረሰው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ዶንኪ ኮንግ 64» ያለዚህ ዕቃ ፈጽሞ አይሠራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው «ፐርፌክት ዳርክ» ደግሞ ዕቃው ከሌለ ዋናውን ታሪክ ለመጫወት አይፈቅድም ነበር። በመሆኑም የማህደረ ትውስታ መጨመር ለእነዚህ ጨዋታዎች የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነበር። ይሁንና በዚያው «ፐርፌክት ዳርክ» ተጫዋቹ በተጨመረው ቦታ ጥራቱ ከፍ ያለ ሥዕል ሲመርጥ ጨዋታው ፍጥነቱን ይቀንስ ነበር። ቡሃቃው ቢሰፋም ምጣዱ ያው የቀድሞው ምጣድ ነበርና።

የዛሬዎቹ ጨዋታዎች ፍላጎትም እንደየዘመናቸው ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ2015 ለኮምፒውተር የወጣው «ጂ ቲ ኤ 5» ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት፣ ይበልጡን ግን 8 ይፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው «ኤልደን ሪንግ» ቢያንስ 12፣ ይበልጡን 16 ጊጋ ባይት ይጠይቃል። ስለዚህ 4 ጊጋ ባይት ያለው ኮምፒውተር ወደ 8፣ ወይም 8 ያለው ወደ 16 ሲያድግ ልዩነቱ በዓይን ሊታይ ይችላል። 16 ያለውን ወደ 32 ማሳደግ ግን ለአብዛኛው ጨዋታ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። ዊንዶውስ በሚባለው ሥርዓት በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የተባሉት ሦስት ቁልፎች በአንድነት ሲጫኑ ታስክ ማኔጀር የሚባል ሰሌዳ ይከፈታል። ልጁ ያንን ከፍቶ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይጫወት፤ ጨዋታው በተደናቀፈ ጊዜም ወደ ሰሌዳው ተመልሶ ቁጥሮቹን በወረቀት ይመዝግብ። ሜሞሪ የሚለው ከ90 በመቶ በላይ ደርሶ ዲስኩም ያለዕረፍት የሚሠራ ከሆነ ቡሃቃው ጠቧል፤ የልጁ ጥያቄ ትክክል ነው። ሜሞሪው 60 በመቶ ላይ ቆሞ ፕሮሰሰሩ ወይም ሥዕል የሚሥለው ግራፊክስ ካርድ 100 በመቶ ከደረሰ ግን ችግሩ ከምጣዱ ነው፤ ራም መጨመር አያድነውም። ጨዋታው መጀመሪያ ደኅና ሆኖ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚዘገይ ከሆነ ደግሞ ሙቀት ይጠርጠር፤ ኮምፒውተር እጅግ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳልና። አቧራና ሐሩር በበዛበት ሠፈር የአየር ማስገቢያውን ማጽዳት ከግዢ ሁሉ ይቀድማል። በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር በሚደረግ ጨዋታ ላይ ብቻ የሚታይ መዘግየትም ብዙውን ጊዜ የመስመሩ እንጂ የራሙ አይደለም።

ከግዢ በፊት ያለ ገንዘብ የሚሞከር ነገርም አለ። ከጨዋታው ጋር የተከፈቱ የኢንተርኔት ገጾችና ሌሎች ፕሮግራሞች ሁሉ ከዚያው ቡሃቃ ስለሚቀዱ ይዘጉ። በጨዋታው ውስጥ ያለው የሥዕል ጥራትም ዝቅ ይደረግ። በዚህ ብቻ ችግሩ የሚቃለልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

መግዛት የግድ ከሆነ ሦስት ነገሮች ይታሰቡ። አንደኛ፣ ዲዲአር 3፣ ዲዲአር 4 እና ዲዲአር 5 የሚባሉት የራም ዓይነቶች አንዱ በሌላው ቦታ አይገቡም፤ ለላፕቶፕና ለጠረጴዛ ኮምፒውተር የሚሆኑትም መጠናቸው ይለያያል። በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ራሙ የተበየደ ስለሆነ መጨመር አይቻልም። ሁለተኛ፣ የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ለሥዕሉም ከዚያው ከጋራው ቡሃቃ ይቀዳል። እንዲህ ባለው ላይ በአንድ 8 ጊጋ ባይት ፈንታ ሁለት ባለ 4 መሰካት፣ ሊጡ በሁለት እጅ እንደ መቀዳት ስለሆነ ጨዋታውን ያፈጥነዋል። ሦስተኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ንሯልና ቀድሞ የሰማችሁትን ዋጋ ይዛችሁ ወደ ሱቅ አትሂዱ። ሲሰካም ኮምፒውተሩ ይጥፋ፤ ገመዱ ይነቀል፤ የሰካው እጅ አስቀድሞ ብረት ይንካ፤ በሰውነት ላይ ያለ ኤሌክትሪክ ዕቃውን ሊጎዳው ይችላልና።

ውድ የሠራዊቱ አባላትና የትዳር ጓዶቻችሁ፣ የወታደር ልጅ «ይጎድለኛል» ብሎ ብቻ ሳይሆን ሪፖርት ይዞ መቅረብን ቢለምድ ለነገ ሕይወቱ ስንቅ ይሆነዋል። አባት በሚቀጥለው ጊዜ ሲደውል ልጁ የመዘገበውን ቁጥር ያንብብለት። ቁጥሩ ራም ያስፈልጋል የሚል ከሆነ አባት ገንዘቡን በደስታ ይላክ። አያስፈልግም የሚል ከሆነም ልጁ እምቢታውን ከአባቱ አፍ ከመስማቱ በፊት በገዛ እጁ ጽፎታልና ቅሬታ አይኖረውም። እናትም በመካከል ቆማ ከሁለት ወገን ከመወቀስ ትድናለች።