ቻይናን፣ ጃፓንንና ህንድን ከላፍቶ ሆኖ ማጥናት፦ የትኛው ሰነድ የት ይገኛል?

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ለሚኖር ሰው እስያ ሩቅ አይደለችም። ከምኒልክ አደባባይ ተነስቶ በላንቻ፣ በንፋስ ስልክና በሳሪስ አድርጎ ቃሊቲ የሚወርደውን የቀላል ባቡር መስመር የሠራው የቻይና ኩባንያ ነው። ከለቡ ወጣ ሲባል ደግሞ ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ የሚሄድ መንገደኛ የሚሳፈርበት ፉሪ-ለቡ ጣቢያ አለ፤ እሱም የቻይና ኩባንያዎች ሥራ ነው። የምንሳፈርበት ሚኒባስ በአብዛኛው የጃፓን ሥሪት ነው። ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅማ ስሙን ሳይቀር የወሰደው ከህንዱ ፋብሪካ ነው።

ታዲያ ስለነዚህ አገሮች ማኅበረሰብና ፖለቲካ የምናውቀውን ከየት አገኘነው? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ "ከዜና" ነው። ዜናውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ለንደንን ወይም ዋሽንግተንን ዞሮ የመጣ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ ስለ ቻይና ብድር ሲጽፍ የሚጠቅሰው ጋዜጣን ነው፤ ጋዜጣው ሌላ ጋዜጣን ይጠቅሳል፤ የመጀመሪያውን ሰነድ ግን ማንም አላየውም። የሚያስቆጨው፣ ከሰነዶቹ ብዙዎቹ ኢንተርኔት ላይ በነፃ መቀመጣቸው ነው። የጎደለው ነገር ማን ምን እንደሚያስቀምጥና በምን ስም እንደሚፈለግ ማወቅ ነው። ይህ ጽሑፍ እሱን ለማሳየት ይሞክራል።

ብድሩ ስንት ነው? ይህ አንድ ጥያቄ አይደለም

ከቅርባችን እንጀምር። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነና 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር እንደተሸፈነ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ስናባዛው ብድሩ ወደ 404 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። እንግዲህ አንዱ ጸሐፊ "475" ሌላው "404" ቢል አንዳቸው ዋሹ ማለት አይደለም። አንዱ የፕሮጀክቱን ዋጋ፣ ሌላው ብድሩን ነው የተናገረው።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. በተመረቀው የጅቡቲ መስመርም እንዲሁ ነው። ዜናው "ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ" ሲል በአብዛኛው የሁለቱን አገሮች ክፍል ደምሮ ነው፤ የኤግዚም ባንክ ለኢትዮጵያ ክፍል የሰጠው ብድር ግን ወደ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ነው። በዚህ ላይ ሌሎች ልዩነቶች አሉ፦ የተፈረመ ብድር፣ በተግባር የተለቀቀ ገንዘብ፣ እስካሁን ያልተከፈለ ቀሪ ዕዳ። አራት ዓይነት ቁጥር፣ አራት ዓይነት ትርጉም።

ቻይና የሰጠቻቸውን ብድሮች አንድ በአንድ ዘርዝራ አታወጣም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ዝርዝሩን ከታች ወደ ላይ እየለቀሙ ይሠሩታል። ሁለት የመረጃ ቋቶችን ማወቅ ይበቃል። አንደኛው በአሜሪካ በዊልያም ኤንድ ሜሪ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ኤይድዳታ ነው። በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛ እትሙ ከ2000 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ በ165 አገሮች ያሉ ወደ 21,000 የሚጠጉ ፕሮጀክቶችን፣ በድምሩ 1.34 ትሪሊዮን ዶላር የሚያወጡትን፣ ይዟል። ሁለተኛው የቦስተን ዩኒቨርሲቲ የቻይና ብድር ለአፍሪካ ቋት ነው፤ እሱ በአፍሪካ ላይ ብቻ ያተኩራል። ሁለቱም በነፃ ይወርዳሉ፤ በኤክሴል ይከፈታሉ።

እኛ የምህንድስና ሰዎች መለኪያ መሣሪያ ሲሰጠን መጀመሪያ የምናየው የአለካኩን መግለጫ ነው። እዚህም ያው ነው። ቋቱን ስትከፍቱ መጀመሪያ ማንበብ ያለባችሁ የአሠራር ዘዴውን የሚያስረዳውን ሰነድ ነው። የሚቆጥረው የተፈረመውን ነው ወይስ የተለቀቀውን? የተሰረዘ ፕሮጀክት ይቀነሳል ወይስ ይቆያል? ኤይድዳታ በየፕሮጀክቱ ሥር መረጃው ከየት እንደተገኘ ስለሚዘረዝር፣ ቁጥሩን ከመጥቀስ አልፋችሁ ምንጩን ራሳችሁ መመርመር ትችላላችሁ። በመጨረሻም ያገኛችሁትን ከገንዘብ ሚኒስቴራችን የመንግሥት ዕዳ መግለጫ ጋር አስተያዩት፤ እሱ ቀሪውን ዕዳ በአበዳሪ ከፋፍሎ ያሳያል።

ይህ የቢሮ ሥራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የባቡሩ ብድር የመክፈያ ጊዜ በ2018 እ.ኤ.አ. ወደ 30 ዓመት ተራዝሟል። ኢትዮጵያ በ2021 እ.ኤ.አ. ዕዳዋ እንዲሸጋሸግ በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ በኩል ስትጠይቅ፣ የአበዳሪ መንግሥታቱን ኮሚቴ በጋራ የመሩት ቻይናና ፈረንሳይ ናቸው። የሚከፍለው የዛሬው ተማሪ ነው። ከፋዩ ሒሳቡን ራሱ ማንበብ ካልቻለ የሚቀረው የሰማውን ማመን ነው።

ሐዲዱ በማን ሕግ ተሠራ?

የጅቡቲ መስመር የተሠራው በቻይና የሁለተኛ ደረጃ ባቡር መስፈርት ነው፦ በ25 ኪሎ ቮልት ኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ለመንገደኛ ባቡር በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ታስቦ የተነደፈ። ደረጃ ደግሞ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መለዋወጫው ከየት እንደሚገዛና ባለሙያው የት እንደሚሠለጥን ለረጅም ዓመታት ይወስናል። በሌላ አነጋገር ፖለቲካ ነው።

የቻይና ብሔራዊ ደረጃዎች "ጂቢ" በሚል ምልክት ይታወቃሉ። የአገሪቱ የደረጃዎች አስተዳደር በከፈተው ድረ ገጽ አስገዳጅ ደረጃዎችን ሙሉ ጽሑፋቸውን በነፃ ማንበብ ይቻላል። "ጂቢ/ቲ" የሚል ካያችሁ ግን አስገዳጅ ሳይሆን የሚመከር ደረጃ ነው። የባቡር ዘርፉ የራሱ ደረጃዎች ደግሞ "ቲቢ" ይባላሉ፤ የሚወጡትም በባቡር አስተዳደሩ በኩል ነው። ጽሑፉ በአብዛኛው ቻይንኛ ነው። ቢሆንም ሠንጠረዥና ቀመር ዓለም አቀፍ ቋንቋ ስለሆኑ ትንሽ ትርጉም ሩቅ ያስኬዳል።

ጃፓን፦ የኅሩይ መንገድ በዲጂታል

እስያን ማጥናት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ድረስ በመርከብ ተጉዘው፣ ያዩትን "ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን" በሚል መጽሐፍ ጽፈዋል። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ የወጣው የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ከ1889 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዷል።

በጃፓን በኩል ያለውን የዚያን ዘመን መዝገብ ዛሬ ከቤት ሆኖ ማየት ይቻላል። "ጃካር" በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የእስያ ታሪካዊ መዛግብት ማዕከል በ2001 እ.ኤ.አ. ተከፍቶ፣ የብሔራዊ ቤተ መዛግብትን፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርንና የመከላከያ ጥናት ተቋምን ሰነዶች በምስል አስቀምጧል። ምዝገባም ክፍያም አይጠይቅም፤ በእንግሊዝኛም ይፈለጋል። ስለ ኢጣሊያና ኢትዮጵያ ጦርነት የጃፓን ዲፕሎማቶች የተጻጻፉትም እዚያ አለ። እያንዳንዱ ሰነድ መለያ ቁጥር ስላለው ስትጠቅሱ እሱን ጻፉ፤ አንባቢያችሁ በአንድ ደቂቃ ያገኘዋል።

ለቅርብ ጊዜ ጥናት ደግሞ የጃይካ ቤተ መጻሕፍት አለ። የጃፓን የልማት ትብብር ድርጅት በኢትዮጵያ ያስጠናቸውን ብዙ ጥናቶች፣ የከርሰ ምድር ውኃም ሆነ ካይዘን፣ ሙሉ ሪፖርታቸውን በፒዲኤፍ አስቀምጧል። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በ2011 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ከበስተጀርባው የነበረው የሙከራ ጥናት እዚያ ይነበባል።

ህንድ፦ ጠያቂ ፓርላማ

ህንድን ለሚያጠና አንድ ትልቅ ዕድል አለ፤ የመንግሥቱ ሰነድ በብዛት በእንግሊዝኛ ነው። ሎክ ሳብሃ በሚባለው የታችኛው ምክር ቤት አባላት ለሚኒስትሮች በጽሑፍ ጥያቄ ያቀርባሉ፤ መልሱም፣ ብዙ ጊዜ ከነሠንጠረዡ፣ በድረ ገጹ ላይ ይወጣል። ህንድ ለተንዳሆ፣ ለፊንጫና ለወንጂ ሸዋ ስኳር ፋብሪካዎች በኤግዚም ባንኳ በኩል 640 ሚሊዮን ዶላር የብድር መስመር ከፍታ ነበር። እንዲህ ያለውን ብድር ለመከታተል ከጋዜጣ ይልቅ ፓርላማው ይሻላል፤ ሚኒስትሩ እዚያ የሚናገረው በኃላፊነት ነውና።

ሌላው ሾድጋንጋ ነው፤ የህንድ ዩኒቨርሲቲዎች የዶክትሬት ጽሑፎች በመቶ ሺዎች የተከማቹበት ክፍት ቋት። ብዙ የኢትዮጵያ መምህራን ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ህንድ ስለሠሩ፣ ስለ ገዛ ወረዳችን የተጻፈ ጥናት እዚያ ብታገኙ አትደነቁ።

ሰዎቹስ ምን ያስባሉ?

እስካሁን ያየነው የመንግሥትን ወረቀት ነው። ሕዝቡ ምን ያስባል ለሚለው እስያን ባሮሜትር አለ፤ ማዕከሉ በብሔራዊ የታይዋን ዩኒቨርሲቲ ነው። የእኛው አህጉር አፍሮባሮሜትር ተመሳሳይ ጥያቄዎች ስለሚጠይቅ፣ ኢትዮጵያም ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጥናቱ ስለገባች፣ ማወዳደር ይቻላል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ በእስያን ባሮሜትር ውጤት የቻይናና የቬትናም ሰዎች በመንግሥታቸው ያላቸው እምነት ከጃፓኖቹ በጣም ይበልጣል። ይህ የእውነት እርካታ ነው? ወይስ ለማያውቁት ጠያቂ ሐሳብን ገልጦ አለመናገር? ተመራማሪዎች እስካሁን ይከራከሩበታል። እኛ አገር ያደገ ሰው ጥያቄውን በደንብ ይረዳዋል።

ስም፣ ቁጥር፣ ዘመን

ፍለጋው የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው በነዚህ ሦስት ነገሮች ነው።

አንደኛ፣ ስም። "ኢትዮጵያ" በቻይንኛ "አይሳይኧቢያ"፣ በጃፓንኛ "ኤቺኦፒያ" ነው። ፊደሉን አለመቻል አያግድም፤ ውክፔዲያ ላይ የምትፈልጉትን ርዕስ ከፍታችሁ ቋንቋውን ወደ ቻይንኛ ወይም ጃፓንኛ ቀይሩና ርዕሱን ገልብጡት። አጭር ስምም ፈልጉ። ቻይናዎቹ የጅቡቲን መስመር በተለምዶ የሚጠሩት "ያጂ ቲዬሉ" ብለው ነው፤ "ያ" ከአዲስ አበባ፣ "ጂ" ከጅቡቲ። ረጅሙን ስም ብቻ የፈለገ ሰው ብዙ ነገር ያመልጠዋል።

ሁለተኛ፣ ቁጥር። ቻይንኛ በሺህ ሳይሆን በ10,000 ነው የሚቆጥረው፤ እሱ "ዋን" ይባላል። "ዪ" ደግሞ 100 ሚሊዮን ነው። ህንዶች "ላክ" ሲሉ 100,000፣ "ክሮር" ሲሉ 10 ሚሊዮን ማለታቸው ነው። "3 ዪ ዩዋን" 300 ሚሊዮን ዩዋን ነው። የማሽን ትርጉም እዚህ ላይ አንዳንዴ ይስታል፤ ዋናውን ምልክት በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ሦስተኛ፣ ዘመን። የእኛ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የጃፓንና የህንድ ሚያዝያ 1 እ.ኤ.አ.፣ የቻይና ጥር 1 እ.ኤ.አ.። የአንድ ዓመት አኃዝ ከሌላው ጋር ሳይሰላ አይወዳደርም። የድሮ የጃፓን ሰነድ ላይ "ሾዋ 6" ካያችሁ 1925 ደምሩበት፤ 1931 እ.ኤ.አ. ይሆናል፤ ኅሩይ የተጓዙበት ዓመት ማለት ነው።

የተዘጋ በር ሲያጋጥም

ጽሑፉ ክፍያ ከጠየቀ ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ሞክሩ። ጄስቶር በነፃ ለተመዘገበ ሰው በወር እስከ 100 ጽሑፍ በድረ ገጹ ላይ ያስነብባል። ዩኒቨርሲቲያችሁ በሪሰርች ፎር ላይፍ ከተመዘገበ ደግሞ ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት አገሮች ውስጥ ናት። የጤና ተማሪዎች በሂናሪ በኩል ያውቁታል፤ ለሕግና ለማኅበራዊ ጥናት "ጎአሊ" የሚባል ክፍል አለው። የይለፍ ቃሉ ያለው ብዙውን ጊዜ ቤተ መጻሕፍቱ ጋ ነው፤ ጠይቁ።

በሮች ሲከፈቱ ብቻ አይደለም፣ ሲዘጉም አይተናል። ሲኤንኬአይ የተባለው ትልቁ የቻይና የጥናት ቋት በ2023 እ.ኤ.አ. ከፊሉን ለውጭ ተጠቃሚ ገድቧል። ስለዚህ ዛሬ ያገኛችሁትን ነገ አገኘዋለሁ አትበሉ። ፒዲኤፉን አውርዱ፣ ገጹን በኢንተርኔት አርካይቭ አስቀምጡ፣ ያያችሁበትን ቀን ጻፉ።

ለመጀመር ያህል በሠፈራችሁ ያለ አንድ የእስያ ፕሮጀክት ምረጡ፤ መንገድም ይሁን ፋብሪካ። ስለ እሱ ሦስት ሰነድ ፈልጉ፦ አንዱ ከሰጪው አገር፣ አንዱ ከእኛ መንግሥት፣ አንዱ ከገለልተኛ ቋት። ሦስቱ ቁጥሮች ላይገጥሙ ይችላሉ። ለምን እንዳልገጠሙ ማስረዳት ከቻላችሁ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ጥያቄ አግኝታችኋል።