ቤት ውስጥ የሚታይ ወፍና የራሱ ቤት ያለው ወፍ

በመርካቶ ዶሮ ተራ የሚያልፍ ሰው ወፍን የሚያውቃት በዋጋዋ ነው። የታጐሩት ዶሮዎች በክብደታቸውና በላባቸው እየታዩ ይገመታሉ፤ ሻጩ ያወድሳል፥ ገዢው ያናንቃል። ዶሮ ከሰው ጋር የኖረች ናትና ይህ አያስገርምም። የሀገራችን የዱር አዕዋፍ ግን በገበያ ስለማይጠሩ፥ ብዙዎቻችን ስማቸውን እንኳ ሳናውቅ በላያችን ያልፋሉ።

ስለዚህ ልጆችን ይዞ ከመርካቶ ወደ አራት ኪሎ መውጣት መልካም ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ የሀገራችን አራዊትና አዕዋፍ በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስበው ይታያሉ። ወፎቹ ሕይወት የላቸውም፤ ቆዳቸውና ላባቸው እንዳይበላሽ ተሰናድቶ የተቀመጠ ነው። ሆኖም በዛፍ ላይ ለአንድ አፍታ ብቻ የምትታየውን ወፍ፥ ልጅ በዚህ ቆሞ መንቁሯንና ጥፍሯን እስኪጠግብ ድረስ ሊመለከት ይችላል። በኢትዮጵያ ከ800 የሚበልጡ የአዕዋፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህም ከ10 የሚበልጡት በሌላ ሀገር አይገኙም።

ተማሪዎችን ይዘን በሄድን ጊዜ ሁሉ ልጆቹ አስቀድመው የሚጠይቁን «ይህ ወፍ የት ይኖራል?» ብለው ነው። ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ሊቃውንትንም ያስቸገረበት ጊዜ ነበር። ኢጣሊያዊው መስፍን ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲዘዋወር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ዝሆን ገደለው። ከሰበሰባቸው ነገሮች መካከል ነጭ ጉትዬ ያላት አንዲት አረንጓዴ ወፍ ተገኘች፤ ከየት እንዳገኛት የሚገልጽ ጽሑፍ ግን አልነበረም። በ1896 በእርሱ ስም ተሰየመች፤ መኖሪያዋ ጫካ ግን እስከ 1940ዎቹ ድረስ ሳይታወቅ ቆየ። እንዲሁም በ1990 በነጭ ሳር ሜዳ ሞታ ከተገኘች አንዲት ሌሊት በራሪ ወፍ የተወሰደው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። በ1995 በዚያው ክንፍ አዲስ ዓይነት መሆኗ ተገልጾ ስም ወጣላት፤ የስሟም ትርጓሜ በላቲን «ክንፍ ብቻ» ማለት ነው።

እንግዲህ ላባው ተጠብቆ መኖሪያው ከጠፋ፥ ወፉ ተጠበቀ ሊባል አይችልም። በነጌሌ ቦረና አጠገብ በሊበን ሜዳ የምትኖረው ትንሽ የሣር ወፍ ዛሬ ፈጽማ ለመጥፋት ተቃርባለች፤ እንቁላሏን የምትጥልበት ሣር በእርሻና በቁጥቋጦ እየተወሰደባት ነውና።

ይህ ነገር የሩቅ ሀገር ነገር ብቻ አይደለም። በከተማችን ጥቁር ክንፍ ያላት ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን አለች፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር ሌላ ሀገር የላትም። የጽድና የሾላ ፍሬ ትመገባለች፤ የምታድረውም የምትወልደውም በአረጀ ዛፍ ግንድ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ዛሬ የተተከለ ችግኝ እንዲህ ያለ ማደሪያ የሚሰጠው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። አባቶቻችን በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ዛፍ እንዳይቈረጥ በመከልከላቸው፥ በብዙ የደጋ አውራጃዎች ከጥንቱ ደን የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያለው ሆኗል። በዚህም ለጸሎተኛው ጥላ፥ ለአዕዋፍም ቤት አቆይተዋል። አሁን ግን አዳራሽ ለመሥራት ወይም ግቢውን ለማሳመር ተብሎ አሮጌው ጽድ የሚወድቅበት ጊዜ አለ። አዳራሹ ጥቂት እልፍ ብሎ ሊሠራ ይችላል፤ የመቶ ዓመት ጽድ ግን በገንዘብ አይገዛም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁ ወንጭፍ እንዳያነሡና ጎጆ እንዳያፈርሱ ምከሩ። ከዱር የተያዘች ወፍ ለሽያጭ ብትቀርብላችሁ አትግዙ፤ የአንዷ መገዛት ሌላዋን ያስይዛልና። ሙዚየሙን ካሳያችኋቸው በኋላም በማለዳ ወደ ደብራችሁ ቅጽር ውሰዷቸው፤ በጣሪያው ላይ ነጭ ማተብ ያሰረች የምትመስለውን ርግብ፥ በዛፉም ላይ ማጅራቱ ነጭ የሆነውን ትልቅ ቁራ ፈልገው ያግኙ። የሰበካ ጉባኤ አባላት የሆናችሁም፥ ዛፍ ይቈረጥ የሚል አሳብ ሲቀርብ በውስጡ የሚያድር እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በገበያ እጅግ የረከሰችው ድንቢጥ እንኳ በፈጣሪዋ ዘንድ ያልተረሳች መሆኗን ከወንጌል ተምረናልና።