የጓሮ ዓሣ በቀን ስንት ይብላ? ፋጉሎ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ስሌት እዩ

ዛሬ ከቡናና ከሰሊጥ ትንሽ ወጣ ብለን ወደ ፋጉሎ እንሂድ።

ሰሞኑን አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። 30 አባሎቻቸው በየጓሯቸው ኩሬ ቆፍረው ቆሮሶ ለቀዋል። «የኑግ ፋጉሎ ሳይወደድብን ለወር የሚሆን 10 ኩንታል ልንገዛ ነው፤ ዋጋው ወዴት ይሄዳል?» ነው ጥያቄያቸው። እኔ ደግሞ መልሼ «በአንድ ኩሬ ስንት ዓሣ አለ? የአንዱ ክብደትስ?» አልኳቸው። 200 ዓሣ፣ አንዱ በአማካይ 80 ግራም። በዚህ ቁጥር 10 ኩንታል እጅግ ብዙ ነው። ይህን የማውቀው ከፍዬበት ስለተማርኩት ነው።

ቢሾፍቱ ጓሮዬ ውስጥ 100 ካሬ ሜትር ኩሬ አለኝ። እኔም የለቀቅኩት 200 ቆሮሶ ነበር። የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ እኩል ቀላቅዬ በቀን 2 ኪሎ እሰጥ ነበር። ማን ነገረህ ብትሉኝ፣ ማንም! ዓሣዎቹ ወደ ዳር በመጡ ቁጥር አልጠገቡም እያልኩ እጨምራለሁ። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ብወጣ ሁሉም አፋቸውን ከውሃው በላይ አውጥተው አየር ይስባሉ። ፀሐይ ስትወጣ 60 የሞተ ዓሣ ለቀምኩ።

በሽታ አልነበረም። የተረፈው መኖ ታች ወርዶ ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። በዚያ ላይ ብስባሹ ውሃውን እንደ ማዳበሪያ ያለመልመውና አረንጓዴ ያደርገዋል። ያ አረንጓዴ ነገር ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ግን ራሱ ይወስዳል። ስለዚህ ኦክስጅን በጣም የሚያንሰው ሊነጋ ሲል ነው። ዓሣዎቼን የገደላቸው ራሴ የሰጠኋቸው መኖ ነው ማለት ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦
የዓሣው ብዛት × አማካይ ክብደት × መቶኛ = የቀን መኖ

ለቆሮሶ እኔ የምጠቀምበት መቶኛ፦
👉 ከ5 እስከ 20 ግራም፦ ከ6 እስከ 8%
👉 ከ20 እስከ 100 ግራም፦ ከ4 እስከ 5%
👉 ከ100 እስከ 250 ግራም፦ 3%
👉 ከ250 ግራም በላይ፦ 2%

የዩኒየኑን ኩሬ እንውሰድ። 200 ዓሣ በ80 ግራም 16 ኪሎ ነው። 4% ስናሰላ በቀን 640 ግራም። እኔ ከዚህ ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር የምሰጠው! ዓሣው 250 ግራም ሲደርስ እንኳን (ጠቅላላ 50 ኪሎ) በ2% የሚበላው 1 ኪሎ ነው። ሲያድግ መኖው እንደ ክብደቱ አይጨምርም።

ክብደቱን ለማወቅ በየ15 ቀኑ 20 ወይም 30 ዓሣ በመረብ አውጥታችሁ በባልዲ ውሃ መዝኑና ለብዛቱ አካፍሉ። የባልዲውንና የውሃውን ክብደት መቀነስ አትርሱ።

በየቀኑ ደግሞ እነዚህን ተመልከቱ፦
👉 መኖውን ለሁለት ከፍላችሁ ረፋድ 4 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ስጡ። በማለዳ አትስጡ።
👉 አርጥባችሁ፣ እንደ ሊጥ አድቦልቡላችሁ በትሪ አውርዱት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ትሪውን አውጡት። ከተረፈ ነገ ቀንሱ።
👉 ክንዳችሁን እስከ ክርን ውሃው ውስጥ ክተቱ። መዳፋችሁ ገና አንጓችሁ ሳይገባ ከጠፋባችሁ ውሃው ከመጠን በላይ አረንጓዴ ሆኗል፤ መኖ አቁሙ፣ ውሃ ለውጡ።
👉 ቆሮሶ ሙቀት ይወዳል። ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ምግብ ይቀንሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ መኖውን በግማሽ ቀንሱ።

አሁን ወደ ሙያችን፣ ወደ ዋጋው እንምጣ። ለስሌት ያህል ፋጉሎ በኪሎ 40 ብር፣ ፉርሽካ 30 ብር ይሁን (የዛሬ ገበያ ዋጋ አይደለም)። እኩል ሲቀላቀሉ 35 ብር። በደንብ ከመገባችሁ በዚህ ዓይነት ቅይጥ 1 ኪሎ ዓሣ ለማሳደግ 2.5 ኪሎ መኖ ይበቃል እንበል፤ 87.50 ብር። በዘፈቀደ ከመገባችሁና 4 ኪሎ ከፈጀ 140 ብር።

ፋጉሎ ነገ 10 ብር ቢጨምር በደንብ ለሚመግብ ሰው በኪሎ ዓሣ የሚጨምርበት 12.50 ብር ነው። ሳይመዝን የሚመግብ ግን ፋጉሎ ሳይወደድም 52.50 ብር ከስሯል፤ የሞተበት ሳይቆጠር። ስለዚህ ዋጋው ወዴት ይሄዳል ከማለት በፊት እጃችን ወዴት እየሄደ ነው ማለት አለብን።

ለዩኒየኑ የሰጠሁት መልስ፦ 640 ግራም በ30 ቀን 19.2 ኪሎ ነው። ለ30 ኩሬ 576 ኪሎ። ግማሹ ፋጉሎ ስለሆነ 3 ኩንታል አይሞላም። ዓሣው በወሩ ውስጥ ስለሚያድግ 4 ኩንታል ይበቃል። 10 ኩንታሉ ቢገዛና አባላቱ ልጨርሰው ቢሉ በየኩሬው በቀን ከ2 ኪሎ በላይ ቅይጥ ይገባል። የእኔን ዓሣ የፈጀው ልክ ያ ነው።

ቢከማችስ? እሱም ሌላ ጣጣ አለው። ፋጉሎ እርጥበት ካገኘ ይሻግታል፣ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያፈራል። ቀደም ሲል በአዲስ አበባ አካባቢ ወተት ላይ የተገኘው ይኸው መርዝ በዋናነት ከኑግ ፋጉሎ ጋር የተያያዘ ነበር። ስትገዙ ሰብራችሁ ውስጡን እዩ፣ አሽትቱ። ሻጋታ ያለበትን በርካሽም ቢሆን አትግዙ። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በእንጨት ላይ ደርድሩ።

ሥራ አስኪያጁ 4 ኩንታል ገዝተው በተረፈው ብር ለአባላቱ የሚዘዋወር ሚዛንና መረብ ሊገዙ ተስማምተዋል። ከዘንድሮ ግዢዎች ሁሉ ብልጡ ይሄ ይመስለኛል።

ኩሬ ያላችሁ የዓሣችሁን ብዛትና አማካይ ክብደት በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ አብረን እናስላ። መልካም ገበያ!