ከበረዶ ወራት በኋላ የምትነሣው ቮልስ

በጀርመን አገር የብርዱ ወራት ሲቃረብ፣ የመንገድ ሠራተኞች በረዶውን የሚያቀልጥ ጨው በአስፋልቱ ላይ ይበትናሉ፤ ይህም ጨው መንገደኛውን ከመንሸራተት የሚያድነውን ያህል ብረትን የሚበላ ስለ ሆነ፣ ዕድሜ የጠገበ መኪና ያላቸው ሰዎች ንብረታቸውን አጥበውና አድርቀው ወደ ጋራዥ ያስገቡታል፤ የፀደይም ዝናም ጨውን ከመንገዱ አጥቦ እስኪወስደው፣ እስከ ፋሲካ ሰሞን ድረስ፣ በዚያው ያቆዩታል። የአገሩም ሕግ ይህን ልማድ ተመልክቶ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወቅት ሰሌዳ የሚባለውን ፈቅዷል። በሰሌዳው ላይ መኪናው ለመንዳት የሚፈቀድበት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ወር በቁጥር ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ባለቤቱ ግብርና መድን የሚከፍለው ለእነዚያ ወራት ብቻ ነው፤ ከእነዚያ ወራት ውጭ ግን መኪናው መነዳቱ ቀርቶ በሕዝብ መንገድ ዳር መቆሙ እንኳ የተከለከለ ነው።

እንዲህ ተጠብቀው ከሚከርሙት አሮጌ መኪኖች መካከል፣ በእኛም አገር ቮልስ በሚል አጭር ስም የምትጠራው ቮልስዋገን አንዲቱ ናት። ፈርዲናንድ ፖርሽ በ1930ዎቹ ዓመታት የነደፋት ይህች መኪና፣ የዓለም ጦርነት ቀድሟት ለሕዝብ ሳትደርስ ቆይታ፣ በ1945 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ አይቫን ኸርስት የተባለው የእንግሊዝ ሻለቃ በቦምብ የተጎዳውን የቮልፍስቡርግ ፋብሪካ ሥራ እንዲጀምር ካደረገ ወዲያ ወደ ዓለም ወጣች፤ በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ የመጨረሻይቱ በ2003 እ.ኤ.አ. እስከ ተሠራች ድረስም ቁጥሯ 21,529,464 ደረሰ። ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደለችም፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከገቡት ወገን ዛሬም የአዲስ አበባን ዳገት የሚወጡ አሉ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው በተነሡ ጊዜ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚችው ዓይነት መኪና ስለ ነበር፣ ስሟ ከታሪካችን ጋር ተያይዞ ይኖራል።

የቮልስ ሞተር ከኋላ ተቀምጦ፣ አራቱ ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ የተጋደሙ ሲሆን፣ የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በነፋስ ነው፤ ራዲያተር የሌላት በመሆኗም በብርድ ረግቶ ብረት የሚሰነጥቅ ውሃ የላትም። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰዎች ቮልስ ያለ ችግር ትከርማለች፤ በፀደይም ቁልፍ አዙሮ መሄድ ብቻ ነው ብለው ያስባሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ለመኪና መቆም ዕረፍት ይመስላል እንጂ ዕረፍት አይደለም፤ ምክንያቱም ሞተሩ ዝም ባለበት ወራት ሁሉ ቤንዚኑ ይተናል፣ ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ባትሪው ይደክማል፣ ብረቱ ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ ጎማውም በአንድ ጎኑ ላይ ተኝቶ ይከርማል። እንግዲህ አሮጌ መኪናን የማስነሣት ጥበብ ቁልፉን ከማዞር በፊት የሚፈጸም ሥራ ነው፤ በዚህም ሥራ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው በእርግጥ ይፈጸማል።

አስተዋይ ባለቤት በመጀመሪያ የሚያደርገው መመልከትና ማሽተት ነው። አይጥ ሙቀትና ጸጥታ ያለበትን ስፍራ ስለምትወድ፣ ከሞተሩ በላይ ባለው የማራገቢያ ሽፋን ውስጥ ጎጆዋን መሥራቷ የተለመደ ነው፤ ያ ጎጆ ሳይታይ ሞተሩ ከተነሣ የነፋሱን መንገድ ዘግቶ ሲሊንደሮቹን ያቃጥላል፣ ወይም ራሱ በእሳት ይያያዛል። ከዚህ ቀጥሎ የቤንዚን ቱቦዎች በጣት እየተጨመቁ ይመረመራሉ። የቮልስ ቤንዚን ከፊት ካለው ማጠራቀሚያ ተነሥቶ በወለሉ ሥር በተዘረጋ የብረት ቧንቧ ወደ ኋላ ይመጣና፣ በሞተሩ አጠገብ በአጫጭር የጎማ ቱቦዎች ወደ ፖምፓውና ወደ ካርቡራተሩ ይገባል፤ እነዚህ ቱቦዎች በዕድሜ ብዛት ደርቀው ከተሰነጠቁ፣ የሚንጠባጠበው ቤንዚን የሚያርፈው በጋለ ብረትና በእሳት ፍንጣሪ አጠገብ ነው። የሞተሩ አካል ማግኒዝየም ካለበት ቅልቅል ብረት የተሠራ በመሆኑ አንድ ጊዜ ከተያያዘ ለማጥፋት እጅግ ያስቸግራል፤ ብዙ ቮልሶችም ያለቁት በዚህ እሳት ነው። ስለዚህ ጥርጣሬ ያደረበት ቱቦ ሁሉ ይለወጣል፤ የእሳት ማጥፊያም በቅርብ ይቀመጣል።

ቤንዚን ራሱም የሚያረጅ ነገር ነው። ለማስነሣት የሚረዳው ቀላሉ ክፍል አስቀድሞ ይተንና፣ የሚቀረው እየከበደ ሄዶ በካርቡራተሩ ጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ዛሬ በአውሮፓ የሚሸጠው ቤንዚን አልኮል የተቀላቀለበት ሲሆን፣ አልኮል ደግሞ ውሃን ከአየር የመሳብ ጠባይ አለው፤ ውሃውም ከቤንዚን የከበደ ስለ ሆነ ወርዶ ከማጠራቀሚያው ግርጌ ይተኛል፤ በዚያም ዝገት ይወልዳል። በዚህ ረገድ እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠሩት ቮልሶች የሚያስገርም ነገር አላቸው። የቤንዚን መለኪያ ስላልነበራቸው፣ ሞተሩ መደነቃቀፍ ሲጀምር ነጂው በእግሩ አጠገብ ያለውን ማዞሪያ ወደ መጠባበቂያው ይመልሰው ነበር፤ መጠባበቂያውም የሚቀዳው ከማጠራቀሚያው ግርጌ፣ ማለትም ውሃውና ዝገቱ ከተከማቹበት ስፍራ ነው። ስለዚህ የከረመችን ቮልስ በመጠባበቂያው ለማስነሣት የሚሞክር ሰው ከሁሉ የከፋውን ቤንዚን ይመግባታል። መልካሙ ነገር በመከር ማጠራቀሚያውን ሞልቶ ማቆም፣ በፀደይም አሮጌውን ቀድቶ አዲስ መጨመር ነው።

ባትሪው ያለው ከኋላው ወንበር ሥር ነው። የሞላ ባትሪ ብርቱውን ብርድ ይችላል፤ የተራቆተ ባትሪ ግን ውስጡ ያለው አሲድ ወደ ውሃነት የቀረበ ስለሚሆን፣ ውሃ ከሚረጋበት መጠን ብዙም ሳይርቅ ረግቶ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ክረምቱን ተነቅሎ በሞቀ ስፍራ ይቀመጣል፤ ከመመለሱም በፊት በቀስታ ይሞላል። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት ቮልሶች አብዛኞቹ በ6 ቮልት የሚሠሩ፣ የኋለኞቹ ግን በ12 ቮልት የሚሠሩ በመሆናቸው፣ ሁለቱን የሚያምታታ ሰው አምፖሎቹንም ባትሪውንም ያበላሻል።

አሁን ወደ ዋናው ምስጢር፣ ወደ ዘይቱ ደርሰናል። የቮልስ ሞተር የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ሲሆን፣ በቆመበት ወራት ይህ ሁሉ ወደ ታችኛው ጎድጓዳ ወርዶ የሲሊንደሮቹን ግድግዳና የላዩን ክፍሎች ራቁታቸውን ይተዋቸዋል። ሞተሩ በዚህ ሁኔታ በድንገት ቢነሣ፣ ዘይቱ ተመልሶ እስኪደርስ ባሉት ጥቂት ቅጽበቶች ብረት ከብረት ጋር በደረቁ ይፋጫል። ይህ እንዳይሆን ካንዴላዎቹ ይነቀሉና በየሲሊንደሩ ጥቂት ቀጭን ዘይት ይንጠባጠባል፤ ከዚያም በዲናሞው ፑሌጃ ራስ ላይ ባለው ብሎን 21 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ገብቶ ሞተሩ በእጅ ቀስ ተብሎ ይዞራል። ያለ እንቅፋት ከዞረ፣ ወደ ቦቢናው የሚገባው ሽቦ ተነቅሎ ፍንጣሪ እንዳይኖር ከተደረገ በኋላ፣ ሞተሪኖው ለጥቂት ሰከንድ እየሠራ፣ መካከል ላይም እያረፈ፣ የዘይት መብራት እስኪጠፋ ድረስ ያዞረዋል። የመብራቱ መጥፋት ዘይቱ መንገዱን እንደ ሞላ የሚነግር የታመነ ምስክር ነው። በዚያው ጊዜ ቤንዚኑ ከፊት እስከ ኋላ ተጉዞ ካርቡራተሩን ስለሚሞላው፣ በአንድ ሥራ ሁለት ፍሬ ይገኛል።

ሆኖም መሄድ የሚችል መኪና ሁሉ መቆም የሚችል አይደለም። የእጅ ፍሬን ተስቦ የከረመ እንደ ሆነ የፍሬኑ ሸራ ከታምቡሩ ጋር በዝገት ይጣበቃል፤ ስለዚህ ዐዋቂዎች በማርሽ አስገብተው ከጎማው ሥር ድንጋይ ወይም እንጨት ደግፈው ያቆማሉ እንጂ የእጅ ፍሬን አይስቡም። የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበትን የሚስብ በመሆኑ በየሁለት ዓመቱ መለወጥ አለበት፤ ይህም ጥንቃቄ የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ በሆነው በቀደሙት ቮልሶች ላይ ይበልጥ ይጸናል፤ በአንድ ጎማ ዘንድ የሚፈሰው ዘይት የአራቱንም ፍሬን ያጠፋልና። ስለዚህ ሞተሩ ሳይነሣ ፔዳሉ ደጋግሞ ይረገጣል፤ ወደ ወለሉ ከወረደ፣ ወይም ከጎማ ኋላ እርጥበት ከታየ፣ መኪናዋ ከጋራዥ አትወጣም።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ የጋራዡ በር ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ከማርሚታው የሚወጣው ጢስ ሽታ የሌለውን ገዳይ መርዝ ይዟልና። ካንዴላዎቹና የቦቢናው ሽቦ ወደ ስፍራቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ፍሪሲዮኑና የቤንዚኑ ፔዳል አንድ ጊዜ ተረግጠው ቁልፉ ይዞራል። ሲነሣ ሰማያዊ ጢስ ቢታይ አያስደንግጥ፤ ሲሊንደሮቹ የተጋደሙ በመሆናቸው ጥቂት ዘይት ሾልኮ ገብቶ ስለሚቃጠል ነው፤ በጥቂት ደቂቃም ይጠፋል። የዲናሞው ቀይ መብራት በርቶ ከቀረ ግን ሞተሩ ወዲያውኑ ይጠፋ፤ ማራገቢያውና ዲናሞው በአንድ ዘንግ ላይ የሚዞሩ ስለ ሆኑ፣ የተበጠሰ ቺንጊያ ኤሌክትሪኩን ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዣውንም ወስዶታል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ አጭርና ዝግተኛ ይሁን። በከረመበት ጎኑ የተደለደለው ጎማ እስኪሞቅ ድረስ መኪናዋን ያንቀጠቅጣታል፤ ካልተሻለ ግን ጎማው በውስጡ ተጎድቷልና ይለወጥ። ከጉዞው መልስ ሥሯ ተመርምሮ የፈሰሰ ነገር ከታጣ፣ ዘይቱም በመለኪያው ልክ ከተገኘ፣ ሥራው ተፈጽሟል። ሠሪዎቿ ቮልስን ያዘጋጇት ተራው ሰው ገዝቶ ሊነዳት ነበር፤ አሠራሯን ቀላልና ግልጽ በማድረጋቸው ግን ተራው ሰው ራሱ ሊጠግናት ቻለ፤ ከዚህ ሁሉ ሥራ አንድም ባለቤቱ በገዛ እጁ ሊፈጽመው የማይችል የለምና። መሠራቷ ከቀረ በኋላም በየፀደዩ የምትነሣበት ምክንያት ይኸው ነው።