በሰላም ገብቶ በሰላም ለመመለስ



የልደትና የጥምቀት በዓላት በተቃረቡ ቁጥር የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከሰሜን አሜሪካ በሚመጡ ወገኖቻችን ይጨናነቃል። ከእነዚህ መካከል የሀገሩን ዜግነት የወሰዱ አሉ፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸውን እንደያዙ የሚኖሩና በኪሳቸው ግን በተለምዶ «ግሪን ካርድ» የሚባለውን የቋሚ ነዋሪነት መታወቂያ የሚይዙም ብዙዎች ናቸው። በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሣው የእነዚህን የኋለኞቹን ጉዳይ ነው። በዓሉ አልፎ፣ ታቦታቱ ወደየመንበራቸው ተመልሰው፣ እንግዳው ሻንጣውን በሚያዘጋጅበት ሰዓት ካርዱ ሲጠፋ ወይም ቀኑ ያለፈበት ሆኖ ሲገኝ በቤተሰቡ ላይ የሚወድቀው ድንጋጤ ቀላል አይደለምና።

አንዱ በጃንሜዳ ሕዝብ መካከል ኪስ አውላቂ አግኝቶታል። ሌላው ቦርሳውን በታክሲ ረስቷል። ሦስተኛው ደግሞ ካርዱ በእጁ አለ፤ ነገር ግን ያገለግላል የተባለበት ቀን ካለፈ ወር ሆኖታል። ሦስቱም ቤት የሚሰማው ቃል አንድ ነው፤ «አሜሪካ ቀረች!» ይባላል።

አልቀረችም። ካርዱ ሌላ፣ መብቱ ሌላ ነው። የቤቱ ካርታ የተቃጠለበት ሰው ቤቱን እንዳላጣ ሁሉ፣ ካርዱ የጠፋበት ወይም የአሥር ዓመት ካርዱ ጊዜው ያለፈበት ሰው የቋሚ ነዋሪነት መብቱ በዚያ ምክንያት ብቻ አይፈርስም። አሥር ዓመቱ የተወሰነው ለካርዱ እንጂ ለነዋሪነቱ አይደለም። ከዚህ የሚለየው በጋብቻ ምክንያት የሚሰጠው የሁለት ዓመት ካርድ ነው። ይህ በቅድመ ሁኔታ የተሰጠ በመሆኑ፣ ቀኑ ከማለፉ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ቅድመ ሁኔታው እንዲነሣ «አይ-751» በተባለው ቅጽ ካልተጠየቀ መብቱ ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የሁለት ዓመት ካርድ የያዘ ሰው የአሥር ዓመት ካርድ የያዘውን ጎረቤቱን ምክር ሰምቶ እንዳይዘናጋ።

ቀኑን በማንበብ ረገድም ስሕተት አይጠፋም። በካርዱ ላይ ያለው ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ያውም እንደ አሜሪካኖች ልማድ ወሩ አስቀድሞ፣ ቀኑ ቀጥሎ የተጻፈ ነው። ሦስተኛውን ወር አሥረኛ ቀን አድርጎ የሚያነብ፣ ወይም በእኛ አቆጣጠር አስልቶ «ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል» ብሎ የሚጽናና ሰው አለ። ከመነሣት በፊት ካርዱን አውጥቶ ከልጆች ጋር በጥንቃቄ ማንበብ ወጪ የለውም።

መብቱ ካልፈረሰ ታዲያ መንገደኛው ቦሌ ላይ የሚቆመው ለምንድን ነው? ምክንያቱ አየር መንገዱ ነው። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ተገቢ ሰነድ የሌለውን መንገደኛ አሳፍሮ ያደረሰ አየር መንገድ ይቀጣል። ትኬት የሚመረምረው ሠራተኛ የነዋሪነት መብት ላይ ፍርድ መስጠቱ ሳይሆን ድርጅቱን ከቅጣት መጠበቁ ነው። በእርሱ ላይ መጮኽ አይጠቅምም።

ካርዱ የጠፋበት ወይም የተሰረቀበት ሰው ይህን ክፍተት የሚሞላለት «አይ-131ኤ» የተባለው ማመልከቻ ነው። የሚቀርበው ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ላይ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ሲሆን፣ ክፍያው ግን አስቀድሞ በኢንተርኔት ለአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ይፈጸማል። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ተመን 575 ዶላር ነው። አመልካቹ ራሱ መቅረብ አለበት። ፓስፖርቱን፣ ፎቶግራፉን፣ የጉዞ ትኬቱንና ቋሚ ነዋሪ መሆኑን የሚያስረዳ ማንኛውንም ወረቀት ይዞ ይቀርባል። ዝርፊያ ከሆነ በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ ጣቢያ አስመዝግቦ ማስረጃ መያዙ ይረዳዋል። ጉዳዩ ሲጣራ በፓስፖርቱ ላይ የሚለጠፍ የመሳፈሪያ ሰነድ ይሰጠዋል፤ ይህም ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚሆንና ብዙውን ጊዜ ከ30 ቀን የማይበልጥ ነው።

በዚህ ላይ አንድ የቅደም ተከተል ነገር አለ። ሰነዱ የሚለጠፈው በፓስፖርት ላይ ስለሆነ፣ ፓስፖርቱም አብሮ ከጠፋ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ ኤምባሲው ሳይሆን ወደ ኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው። ሁለቱ በአንድ ቦርሳ ተቀምጠው አንድ ላይ የጠፉበት ቤተሰብ የሁለት መሥሪያ ቤት ወረፋ ይጠብቀዋል።

ካርዱ በእጁ ሆኖ የአሥር ዓመት ቀኑ ብቻ ያለፈበት ሰው ጉዳዩ ይቀልለታል። የአሜሪካ የድንበር ባለሥልጣኖች ለአየር መንገዶች ባወጡት መመሪያ እንዲህ ያለውን መንገደኛ ያለ ተጨማሪ ሰነድ ማሳፈር ይቻላል። ሆኖም መመሪያውን የሚያውቅ ሠራተኛ መኖሩን መንገደኛው አስቀድሞ አየር መንገዱን ጠይቆ ማረጋገጥ አለበት። አውሮፓ ላይ አውሮፕላን የሚቀይር ከሆነማ ሌላ እንቅፋት አለ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው እንደ ፍራንክፈርት ባሉ አውሮፕላን ማረፊያዎች ለማለፍ እንኳ የመተላለፊያ ቪዛ ይጠየቃል፤ ከዚህ ነጻ የሚያደርገው የአሜሪካ የነዋሪነት ካርድ ጊዜው ያላለፈ መሆኑ ነው። ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚበር ሰው የማይገጥመው ችግር በዋጋ ቅናሽ የተገዛው ትኬት ይዞት ይመጣል።

ለዚህ ሁሉ መፍትሔው ከመነሣት በፊት እድሳት መጠየቅ ነው። «አይ-90» የተባለውን የእድሳት ማመልከቻ ላስገቡ ሰዎች ከጳጉሜን 5 ቀን 2016 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024) ጀምሮ የሚሰጠው ደረሰኝ የአሮጌውን ካርድ አገልግሎት በ36 ወር እንዲያራዝም ተደርጓል። ካርዱና ደረሰኙ ግን አብረው መጓዝ አለባቸው። ደረሰኙን ሜሪላንድ መሳቢያ ውስጥ ትቶ ካርዱን ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ግማሽ ሰነድ ነው የያዘው።

እስካሁን ያነሣነው በገንዘብና በትዕግሥት የሚስተካከለውን ነው። ከባዱ ጉዳይ ካርዱ ሳይጠፋ፣ ቀኑም ሳያልፍ መብቱን የሚያሳጣው ነው፤ እርሱም የቆይታ ርዝመት ነው።

ከአንድ ዓመት በላይ ከአሜሪካ ውጭ የቆየ ሰው ካርዱ ጊዜው ባያልፍም ለመመለሻ አያገለግለውም። ከላይ ያነሣነው የመሳፈሪያ ሰነድም የሚሰጠው አንድ ዓመት ላልሞላው ነው። ይህ ደንብ ከእኛ የሐዘን ሥርዓት ጋር የሚጋጭበት ቦታ አለ፤ በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ሰው ሁሉ የሚያየው ነው። እንበል፣ አንድ ልጅ እናቱ በጠና ታመው በኅዳር መጣ። በጥር ዐረፉ። ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው ተቆጠረ። ዘመድ አዝማዱ «የእናትህን ሙት ዓመት ሳታወጣማ እንዴት ትሄዳለህ?» አለው፤ እርሱም ተቀመጠ። የሙት ዓመቱ ጸሎት በተፈጸመበት ጥር ልጁ በሀገር ቤት 14ኛ ወሩን ይዟል። ማንም ክፉ አልመከረውም። ግን ወሩን ከመጣበት ቀን ጀምሮ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የቆጠረለት አልነበረም። ዓመት ሳይሞላው ሄዶ ቢመለስ፣ ወይም ሙት ዓመቱን ወንድም እኅቶቹ ቢያወጡለት ጸሎቱ አይጎድልም ነበር።

እንዲህ ያለው ሰው በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋበትም። «ኤስቢ-1» የሚባለውን የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ በኤምባሲው መጠየቅ ይችላል። ሲወጣ ቋሚ ነዋሪ እንደነበረ፣ ሊመለስ አስቦ እንደወጣ፣ የዘገየውም ከእርሱ ቁጥጥር ውጭ በሆነ ምክንያት መሆኑን ማሳየት ይጠበቅበታል። የሆስፒታል ማስረጃ፣ ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ የወጣ የሞት የምስክር ወረቀት፣ በአሜሪካ የቤት ኪራይ ውልና በነዋሪነት የከፈለው ግብር ሁሉ ይረዱታል። ውሳኔው ግን የቆንስላው ባለሥልጣን ነው። «ሙት ዓመት ላወጣ ነው» የሚለው ምክንያት ለእኛ የማይናወጥ ቢሆንም፣ ከቁጥጥር ውጭ የሆነ ነገር ነው ብሎ ማሳመኑ እንደ ሕመም ቀላል አይደለም።

ረዥም ቆይታ እንደሚጠብቀው አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ገና አሜሪካ ሳለ የመመለሻ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ፈቃዱ እስከ ሁለት ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ማመልከቻው ሲገባ ሰውየው በዚያው ሀገር መገኘት አለበት፤ አሻራውን ከሰጠ በኋላ ፈቃዱ ወደ ኤምባሲ እንዲላክለት መጠየቅም ይችላል። አስታማሚ ለመሆን የሚመጣ ልጅ ይህን ቢያደርግ መልካም ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው በልጆቻቸው አማካይነት ካርዱን ያገኙ አረጋውያን ወላጆቻችን ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ ብርዱና ብቸኝነቱ ከብዷቸው ዓመቱን የሚያሳልፉት በሀገር ቤት፣ በደብራቸው ጥላ ሥር ነው። በየአሥራ አንድ ወሩ ለሁለት ሳምንት ብቅ ይላሉ፤ «ካርዱን ለማዳን» ይሉታል። ይህ ዋስትና አይደለም። የድንበሩ ባለሥልጣን የሚመዝነው ሰውየው በእርግጥ የሚኖረው የት እንደሆነ ነው። ስድስት ወር ያለፈ ቆይታ ጥያቄ ያስነሣል፤ ዜግነት ለማመልከት የሚፈለገውንም ያልተቋረጠ ነዋሪነት ሊያፈርስ ይችላል።

እንዲህ ያሉ እናት ወይም አባት በአሜሪካ አውሮፕላን ማረፊያ ተይዘው «አይ-407» የተባለ ቅጽ ሊቀርብላቸው ይችላል። ይህ ቅጽ ነዋሪነትን በፈቃድ መተው ማለት ነው። መፈረም ግዴታ አይደለም። አልፈርምም ያለ ሰው ጉዳዩ በኢሚግሬሽን ዳኛ ፊት እንዲታይለት መጠየቅ መብቱ ነው። እንግሊዝኛ የማያነቡ እማማ፣ ከረዥም በረራ በኋላ ደክሟቸው፣ ወረቀት ሲሰጣቸው በትሕትና ፈርመው ሊያልፉ ይችላሉ። ልጆች ይህን በአማርኛ ከጉዞው በፊት ሊነግሯቸው፣ ያልተተረጎመላቸውን ወረቀት እንዳይፈርሙ ሊያስጠነቅቋቸው ይገባል። የጉዳያቸው ከባድነት የታወቀ ከሆነም ሕግ አዋቂ ማማከር ነው፤ በየሰፈሩ «ማኅተም አስመታልሃለሁ» የሚለው ደላላ ግን በሐሰት ሰነድ መብቱን ለዘለዓለም ሊያስቀርባቸው ይችላል።

በመሳፈሪያ ሰነዱ የተመለሰ ሰው እዚያ እንደደረሰ በጠፋው ካርድ ምትክ ሌላ እንዲሰጠው በዚያው «አይ-90» በተባለው ቅጽ ያመለክታል። አዲሱ ካርድ እስኪመጣ ድረስ በአካባቢው ካለው የኢሚግሬሽን ጽሕፈት ቤት በፓስፖርቱ ላይ ጊዜያዊ የነዋሪነት ማኅተም እንዲመታለት ቀጠሮ መጠየቅ ይችላል። ይህ ማኅተም እስከ አንድ ዓመት ሊሰጥ ስለሚችል፣ ካርዱ ቢዘገይም ለትንሣኤ ወደ ቤተሰቡ መምጣት የሚፈልግ ሰው በእርሱ ሊጓዝ ይችላል።